ቆመን የጠጣንበት ሠርግ

ቡታጅራ ለማስተማር ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፤ መጨረሻ መሆኑን ግን ያኔ ማናችንም አላወቅንም። ደሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ሠልጥኜ፣ ለሴት ተማሪዎች የቤት አያያዝና ባልትና እንዳስተምር ተመድቤ ነው የመጣሁት። የከተማው ሰው «የወጥ አስተማሪዋ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ወጥ እምብዛም አልችልም ነበር። ይህን የሚያውቁት የቤት አከራዬ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አዝነውልኝ ምስጢር አድርገው ያዙልኝ።

የማስተምረው ከአንድ ወፍራም የውጭ አገር መጽሐፍ ነው። የሚለውን ግማሹን አልረዳውም፤ ሥዕሎቹን ግን እወዳቸው ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ አለ። ስምንት ሹካ የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን አንድ የአትክልት ቦታ የሚያሳየውን ገጽ ነው። ወንዶችና ሴቶች ለምለም ሣር ላይ ቆመው፣ አንገተ ቀጭን ብርጭቆ ይዘው ይስቃሉ። አንዲት ሴት ትሪ ተሸክማ በመካከላቸው ታልፋለች። ምን እንደሚያስቃቸው መጽሐፉ አይናገርም።

ይህን ገጽ አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ሳሳይ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን በመስኮት አየ። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ከቡታጅራ በላይ ካለው ተራራ ወገብ ላይ ከሚገኝ መንደር የወጣ፣ ረጅም፣ ነገር ሁሉ በካርታ ካልተሠራ የማይዋጥለት ሰው። ለጥር ሠርግ እየደገሰ ነበር። ሙሽራዋ የከተማው ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ደወል እንደተደወለ ገብቶ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደና በሥዕሉ ላይ ጣቱን ተከለ።

«መቼም አንቺ ኮክቴል ታውቂያለሽ» አለኝ።

«እንዴት አላውቅም!» አልኩ። በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

«ባለፈው ክረምት ለኮርስ አዲስ አበባ ሄጄ፣ የሚያስተምረን ፈረንጅ ግቢው ጋበዘን። ይኸው ነው! ልክ እንዲህ! ሰው ቆሞ ይጠጣል። ካንዱ ጋር ሁለት ቃል ያወራና ወደ ሌላው ይሄዳል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ብርጭቆውን አስቀምጦ ይወጣል። ብላ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚል የለም። አንድም ሰው አልተለመነም!»

ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ ብል ማጋነን አይሆንም። በተራራው መንደር ሰው እየተለመነ ሲበላ፣ ተለምኖም ሲያድር እያየ ያደገ ልጅ ስለሆነ፣ ያለ ልመና የሚወጣ እንግዳ ተአምር ሆኖበት ነው የተመለሰው።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይጋባሉ፤ ከዚያ ከሙሽራዋ ቤት ተነሥተው ወደ አባቱ መንደር ይወጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ሙሽሮቹ ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር ወደ ሸንተረሩ ይሄዳሉ፣ ተራራው ከኋላቸው እንዲታይ። እነሱ እስኪመለሱ እንግዳው ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ኮክቴል ይጠጣል። በስምንት ሰዓት ዳስ ተገብቶ ምሳ ይበላል።

«አስተናጋጅዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። «በዚህ አገር ይህን ነገር የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነን።»

እንግዲህ እሱ አንድ ጊዜ አይቷል፤ እኔ ሥዕሉን አይቻለሁ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድም ሰው ቤቱ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። እሺ አልኩ።

በሳምንቱ ቦታውን ለማየት ወጣሁ። ጉራጌ መንደር የሄደ ሰው ጀፎረን ያውቀዋል፤ ላላየው ግን፣ በቤቶቹ ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፣ ሣሩ በከብት ተግጦ ምንጣፍ የሚመስል። ከኋላ እንሰቱ ይንዠረገጋል። ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ሜዳው እስከ ቆሼና ከዚያም ወዲያ ተዘርግቷል። ቆሜ ስመለከት ልቤ ሞላ። የመጽሐፌ የአትክልት ቦታ ከዚህ ጋር ሲወዳደር የዶሮ ቤት ጓሮ ነው።

ደስታዬን ያቀዘቀዘችው የሙሽራው አክስት ናት። የአባቱ ታናሽ እህት ነበረች፣ የቤቱም የድግሱም አዛዥ። አባቱ በሕመም ምክንያት ከመስከረም ጀምረው እሳት ዳር በጋቢ ተጠቅልለው ነው የሚውሉት፤ ሰዉም አንድ ቀን መርዶ ይመጣል ብሎ ጆሮውን አቁሞ ነበር። አክስትዬዋ የኮክቴሉን ነገር ላስረዳት ስሞክር እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ።

«ስንት ሰው ነው ቆሞ የሚጠጣው?»

«መቶ ያህል።»

«ምን አጥፍተው?»

«ምንም አላጠፉም፤ ክብር ነው። በሠለጠነው ዓለም...»

«አንቺ ትምህርት ቤት ቆሞ የሚውለው ማነው? ጎበዙ ነው ወይስ ያጠፋው?»

ነገር ልለውጥ ብዬ ወደ ምግቡ አለፍኩ። የሚቀርበውን ሳሳያት ደግሞ ባሰ። ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ላይ የሚጋበዙበት ሠርግ ስለሆነ ሥጋው ሁለት ቦታ ታርዶ፣ በዳሱ ውስጥ ለየብቻ ይቀርባል። ለኮክቴሉ ግን ሁሉም የሚበላው ነገር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ቆጮ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ቆራርጬ፣ በላዩ አይብ በጎመን አድርጌ፣ መሐሉን በስቴኪኒ ወጋሁት። አክስትዬዋ አንዱን በሁለት ጣት አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

«ይኼ ለማን ነው? ለጫጩት?»

«የምግብ ፍላጎት መክፈቻ ነው፣ እማማ። ምሳው በኋላ ይመጣል።»

«እኔ ገና አርባ አልሞላኝም፤ እማማ አትበይኝ» አለችና አፏ ውስጥ ጣለችው፤ ስቴኪኒውንም አብራ አኘከች። ከዚያ ተፋችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

መጠጡን በሁለት ማሰሮ አሰብኩት። በሰማያዊው ብርዝ በሎሚ፣ አልኮል ለማይጠጣ። በነጩ ያው ብርዝ በሎሚ ሆኖ አረቄ የተጨመረበት። ይህን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፤ በጣም ኮርቼበታለሁ። የመደባለቁን ሥራ ግን ለአክስትዬዋ ሰጥቼ ወረድኩ፤ ስሕተቴ እሱ ነበር።

ብርጭቆውን ከየጠጅ ቤቱ ለቃቀምኩ። አርባ የሻይ ብርጭቆ ደግሞ የሙሽራዋ አባት ጎረቤትና የልብ ወዳጅ የነበሩ ሀጂ ላኩልኝ፣ እያንዳንዱ በቁራጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ። እሳቸውም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለቱ ሱቆች ፊት ለፊት ሆነው አንዱ ደንበኛ ሲያጣ ወደ ሌላው የሚልክ ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። እኔ በማለዳ ቀድሜ ወጣሁ። አምስት ጠረጴዛ ጀፎረው ላይ ደርድሬ ነጭ ጨርቅ አለበስኳቸው። የጥር ነፋስ መጣና ሁለቱን ጨርቆች አንሥቶ ወደ እንሰቱ ወሰዳቸው። በድንጋይ አስያዝኳቸው። ሙሽራው ባዘዘው መሠረት ወንበርና አግዳሚ ሁሉ ዳስ ውስጥ ተዘግቶበታል፤ አንድ መቀመጫ ከተገኘ አንድ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጠ ኮክቴሉ አለቀ ብሎ ነበርና። የወረቀት መሐረቦቹን በማራገቢያ ቅርጽ አጣጥፌ ዘወር ስል አንዲት ጥጃ ግማሹን በልታለች። ጀፎረው የእሷ ነው፤ ምን ልበላት?

ሰባት ሰዓት ላይ ሠርገኛው ደረሰ። እስከ ተራራው እግር በፒክ አፕ፣ ከዚያ በበቅሎና በእግር ነው የወጡት፤ ሁሉም ላብ በላብ ሆኖ የሚቀመጥበትን እየፈለገ መጣ። ሙሽራው በአዲስ ሱፍ፣ ሙሽራዋ በነጭ ቀሚስና በዓይነ ርግብ ሆነው እጅ ነሥተው አለፉ። ፎቶግራፍ አንሺው ባለ ሦስት እግር ዕቃውን ተሸክሞ ተከተላቸው። ሙሽራው ሲያልፍ በጆሮዬ «አንድ ሰዓት!» አለኝና ወደ ሸንተረሩ ሄዱ።

መቶ ሰው ጀፎረው ላይ ቀረ። ትሪዬን አነሣሁ፤ ልክ እንደ ሥዕሏ ሴት ፈገግ አልኩና ገባሁ።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይጠብቃል። ካንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ የለም፤ እያንዳንዱ በቆመበት እንደ ችካል ተተክሏል። አንድ አዛውንት ቆጮውን ከነስቴኪኒው ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ እንጨት ጥርስ መጎርጎሪያ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አባባ።»

«ጥርስ የሚጎረጎረው ከተበላ በኋላ ነበር። እኛ ሳንበላ ነው በልታችኋል የምትሉን?» አሉና ስቴኪኒውን ከጆሯቸው ጀርባ ሰኩት፣ ምናልባት ወደፊት ምግብ ከተገኘ ብለው።

ሌላው «ወንበሩ የት ሄደ?» ይላል። «ኮክቴል ነው» እላለሁ። «እሱ መቼ ይመጣል?» ይላል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ኮክቴል የሚባለው ዘግይቶ የቀረ ትልቅ እንግዳ መስሏት፣ እሱ እስኪመጣ እንደማትጠጣ ነገረችኝና ብርጭቆዋን መለሰችልኝ።

ሀጂ ከሰማያዊው ማሰሮ የቀዳሁላቸውን ይዘው ፈንጠር ብለው ቆመዋል። ብዙ ቆይቼ ሳያቸው ብርጭቆው እንደሞላ ነው።

«ሀጂ፣ አልተስማማዎትም? አረቄ የለበትም፣ በእናቴ!»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ። ነገር ግን እኛ ዘንድ ቆሞ መጠጣት አይወደድም። አስተናጋጅዋን እንዳላሳፍር ብዬ መቀመጥ ፈራሁ፤ ቆሜ መጠጣትም አልወደድኩም። እንዲሁ ይዤው ልቁም፤ ግድ የለም።»

ሰውዬው ሽበታም ናቸው፤ ተራራ ወጥተዋል፤ ተጠምተዋል። ብርጭቆውም የራሳቸው ነው። ፊቴ ቀላ። «ይቀመጡ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አልኳቸው። ሣሩ ላይ ተቀመጡና ቢስሚላህ ብለው በሦስት ጉንጭ ጨረሱት። የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን አዙረው በቅናት አዩዋቸው። እኔ ግን ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ እየዞርኩ መከላከል ቀጠልኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ቀን ግን ሥልጣኔን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር።

በዚህ መሐል የነገሩን መልክ የለወጠው ራፖር ጸሐፊው ነው። የከተማው ማመልከቻ ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል፤ ከሰሜን የመጣ፣ ጺሙን የሚያበጥር፣ ሰላምታውም እንደ ማመልከቻ ባለ ብዙ ቅጥያ የሆነ ሰው። አዲስ አበባ ኮክቴል ጠጥቼ አውቃለሁ ብሎ ስለነበር ከነጩ ማሰሮ ደጋግሜ ቀዳሁለት። በአራተኛው ብርጭቆ መወላወል ጀመረ። በአምስተኛው ባርኔጣውን አወለቀና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አመልካች» አለ በታላቅ ድምፅ «ዕድሜዬ አርባ ስድስት፣ አድራሻዬ ቡታጅራ፣ በዚህ ተራራ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ በታላቅ ትሕትና የማመለክተው ነገር ቢኖር፣ ሚስት የለኝም!»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ለሌላው ሰው የጋብቻውን ውል ስጽፍ፣ የፍቺውንም አቤቱታ ስጽፍ፣ ዓመታት አለፉ። በስሜ አንድም ወረቀት አልጻፍኩም! ይህ በደል ታይቶ ተገቢው ውሳኔ እንዲሰጠኝ...» አለና ማልቀስ ጀመረ። ማልቀስ ስል እንባ ማውጣት አይደለም፤ ድምፅ ያለው፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ለቅሶ ነው። እንግዳው ምን ያድርግ? ግማሹ ደንግጦ፣ ግማሹ አፍሮ አንገቱን ደፋ። አንዳንዶቹ ሰው እያለቀሰ ባርኔጣ መልበስ ነውር መስሏቸው እነሱም አወለቁ።

እንግዲህ ይህን ከሩቅ የሚያይ ምን እንደሚመስለው አስቡት። ከገደሉ ማዶ ሌላ መንደር አለ። እዚያ ያሉ ሴቶች ቀና ሲሉ፣ የታመመው ሽማግሌ ደጅ ጀፎረ ላይ ነጠላ የለበሰ መቶ ሰው ያለ ወንበር ቆሟል፤ ራሱን ገልጦ አንገቱን ደፍቷል፤ በመካከል አንድ ሰው እየጮኸ ያለቅሳል። ሠርጉ መኖሩን ያውቃሉ። ታዲያ ምን ይበሉ? ሽማግሌው የልጃቸውን ሠርግ ቀን እንኳ ሳይጨርሱ ሄዱ አሉ።

እኛ የሰማነው ዋይታውን ነው። መጀመሪያ ከሸለቆው ሥር፣ ከዚያ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ከዚያ ሃያ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ጀፎረው ጫፍ ብቅ አሉ። ከፊት የምትመራው በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት፤ ሸምገል ያለች፣ ድምፅዋ ተራራ የሚሰነጥቅ። በጉራጊኛ ነው የምታለቅሰው፤ ቃሉ አይገባኝም። የእኛም እንግዶች ሽማግሌው አሁን ከውስጥ አረፉ ማለት ነው ብለው ዋይታውን ተቀበሉ። ራፖር ጸሐፊው ለእሱ የታዘነ መስሎት ይበልጥ አለቀሰ። እኔም ትሪዬን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ሰው የሞተው በኮክቴሌ መሐል ነው ብዬ።

የጎጆው በር ተከፈተ። ሽማግሌው አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው በከዘራ ተደግፈው ወጡ። ከመስከረም ጀምሮ ከእሳት ዳር ተነሥተው አያውቁም። ዓይናቸውን ከፀሐዩ ከልለው ሕዝቡን አዩና ጠየቁ።

«ማን ሞተ?»

ዋይታው ቀጥ አለ። አልቃሽዋ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አንተ ነሃ!» አለች።

«እኔ?» አሉ፤ ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። «መቼ?»

አልቃሽዋ ተናደደች። ሀጂ አጠገቤ መጥተው የሚባለውን ወደ አማርኛ ይመልሱልኝ ጀመር፤ መሐል ላይ ሳቃቸው እየያዛቸው ያቋርጡታል። «ካልሞተ ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የቆማችሁት ትላለች። ያን ገደል በዚህ ጉልበቴ ወርጄ የወጣሁት ለምንድን ነው? እንባዬን ማን ይመልስልኛል ትላለች።»

ሽማግሌው ግን ሌላ ነገር አሳስቧቸዋል። ወደ እሷ ጠጋ ብለው ከዘራቸውን ተደገፉ።

«ለመሆኑ ስትመጪ ምን ምን እያልሽ ነበር?»

«ምን አገባህ? አልሞትክም።»

«ስለ እኔ አይደል? ልስማው እንጂ!»

ሰው ሁሉ ለመናት። እሷም እምቢ እምቢ ካለች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያን የሚያምር ዜማዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ሀጂ ተረጎሙልኝ፤ በሩን በእንግዳ ፊት ያልዘጋ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ለመስቀል ሦስት በሬ አከታትሎ ያረደ... ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሦስት በሬ ሲባል ግን ዓይናቸውን ከፈቱ።

«አራት ነው።»

«ሦስት ነው።»

«ከእንሴኖ ገበያ የገዛሁት ጥቁሩስ?»

«ጥቁሩ የወንድምህ ነበር!»

«ግማሹ የኔ ነው» አሉ። «ደግሞ ስለ ቁመናዬ ምንም አላልሽም። በጉብዝናዬ ጊዜ አይተሽኛል።»

«አንተ መጀመሪያ ሙት፤ ከዚያ የምለውን ትሰማለህ» አለቻቸው።

ያኔ ነው ጀፎረው በሳቅ የፈረሰው። ሽማግሌው ራሳቸው ሳቅ ሲያንገዳግዳቸው ሰዎች ደግፈው ሣሩ ላይ አስቀመጧቸው። እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ማን ይቆማል? መቶ ሃያ አምስት ሰው አንድ ላይ «እፎይ» ብሎ ሲቀመጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሙሽራው ግን ከሸንተረሩ ላይ ሆኖ የሰማው ዋይታውን እንጂ ሳቁን አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው ጨርቁ ውስጥ ራሱን እንዳስገባ ጥሎት፣ ሙሽራዋንም ጥሏት፣ «አባቴን! አባቴን!» እያለ ቁልቁል መጣ። ከብት የጋጠው ሣር በአዲስ ጫማ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የመጨረሻውን ርቀት በሩጫ ሳይሆን በመቀመጫው ነው የጨረሰው፤ ልክ አባቱ እግር ሥር ቆመ። ሽማግሌው ዝቅ ብለው አዩት።

«አንተም ልትቀብረኝ መጣህ?» አሉት።

ልጁ የአባቱን ጉልበት አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለጥቂት ጊዜ ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ቦታ ያይ ጀመር። ሽማግሌው ራሱን በእጃቸው እየዳበሱ በጉራጊኛ አንድ ነገር አሉት። ሀጂ ይህን አልተረጎሙልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሲነሣ የሱፉ ኋላ አረንጓዴ ሆኗል። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሁሉም ተቀምጧል፤ አልቃሾቹ ትሪዬን ከበው ቆጮውን ከስቴኪኒው እየነቀሉ ይበላሉ፤ ጥጃዋ የጠረጴዛ ጨርቅ ታኝካለች። ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ተኩል።

«አንድ ሰዓት ነበር ያልኩሽ!» አለኝ።

ወዲያው ሙሽራዋ ደረሰች። ዓይነ ርግቧ ቀጋ ውስጥ ቀርቷል፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ያች ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ሙሽራ ናትና አንገቷን ደፍታ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ባሏን አየችው፤ ዞራ የሱፉን ኋላ አየች። ከዚያ የለቀቀችው ሳቅ ከአልቃሽዋ ድምፅ አያንስም። ነጭ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሽማግሌው አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ከዚህ አልነሣም» አለች። «እግሬ አልቋል። ምሳ እዚሁ አምጡልን።»

ትእዛዙን የምትጠብቅ የምትመስለው አክስትዬዋ የዳሱን በር በረገደችው። ክትፎው፣ ቆጮው፣ አይቡ በእንሰት ቅጠል ላይ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ሀጂና ሌሎቹ እስላሞች ከላይ በኩል፣ የራሳቸው ሰው ባረደው ሥጋ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ክርስቲያኑ ከታች። ብርዙ መሐል ላይ ሆኖ ከሁለቱም ወገን ይቀዳል። ብላ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚለው ልመና ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። ከሁሉ ይልቅ የሚለምነው ደግሞ ሙሽራው ራሱ ነበር፤ በሁለት እጁ እየጠቀለለ ያላጎረሰው ሰው አልነበረም።

ራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ሥር ጥላ ውስጥ ጋደም ብሏል። አክስትዬዋ ስታልፍ ጠራት።

«እባክሽ ቀዝቃዛ ውኃ። መጠጡ ራሴ ላይ ወጣ።»

«የቱ መጠጥ?»

«ያ፣ የነጩ ማሰሮ።»

«እሱ ማርና ሎሚ ነው» አለች። «በባዶ ሆዱ እንግዳን አረቄ የሚያጠጣ ቤት የለንም። አረቄው ተቆልፎበት ነው የዋለው። ሁለቱም ማሰሮ አንድ ነው።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ ተቀመጠ። ጺሙን ዳበሰ፤ ነገሩን በጭንቅላቱ አወጣ አወረደ።

«የደጋ ማር» አለ በመጨረሻ፣ በትልቅ ክብር «ኃይለኛ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አልቃሾቹ ዜማቸውን ለውጠው ለሙሽሮቹ ዘፈኑ። ያችው አልቃሽ እያጨበጨበች ስታወርደው፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ላይ እያነሡ ይቀበሏታል። ፎቶግራፍ አንሺው በመጨረሻ ወርዶ ሁላችንንም አንድ ላይ ሊያነሣን ፈለገና «ቁሙ!» አለ። ማንም አልቆመለትም። ፎቶግራፉን ኋላ አይቼዋለሁ፤ ግማሹ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይጎርሳል፤ ትሪ የያዘችው ሴትዮ አፏ ሞልቷል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመውረድ ስነሣ አክስትዬዋ መንገድ ላይ ደረሰችብኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቆጮ እጄ ላይ ጫነችብኝ።

«ያከራየሽ ሴትዮ ነግራኛለች» አለች።

«ምን?»

«ወጥ እንደማትችይ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን አልሳቀችብኝም። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ከላዩ ላይ ሣር ለቀመችልኝ።

«ቅዳሜ ትምህርት የለም አይደል? ነይ። በማለዳ ነይ፤ ቢላ ይዘሽ እንዳትመጪ፣ እኛ ጋ አለ። መጽሐፉንም አታምጪ።»

ቅዳሜ ወጣሁ። የሚቀጥለውንም ቅዳሜ ወጣሁ። መጀመሪያ ቀን ቆጮ ስከትፍ እንደ ተማሪ ስትገሥጸኝ ዋለች፤ ሁለተኛው ቀን ቅቤ ሳነጥር እጄን አቃጠልኩና ሽማግሌው ከእሳታቸው ማዶ ሆነው ሳቁብኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስደርስ ማንም «ደህና መጣሽ» አላለኝም፤ አክስትዬዋ ከጓሮ ሆና «ዘገየሽ፣ ጎመኑን ክተፊ» ብላ ጮኸች። ነጠላዬን በሩ አጠገብ ካለው ችካል ላይ ሰቅዬ ገባሁ።